የቻርለስተኑ ከንቲባ ራይሊ፦ ከተማዋን አሳመሯት ወይስ አስወደዷት?

ይህን የኢንተርኔት ውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ምላሾቹ ሠላሳ ሊሞሉ ሲቃረቡ ዘግይተው የገቡ ሰዎች ከየት እንጀምር ብለው ጠየቁኝ። ስለዚህ የእኔን ጥያቄና የመጡትን ምላሾች በየቁጥራቸው እየጠራሁ በራሴ አፍ ልተርክላችሁ። ዓመቶቹም ቀኖቹም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄዬ ይህ ነበር። አንድ ከንቲባ 40 ዓመት ከቆየ በኋላ በምን ይመዘናል? ያነሳሁት ሰው ጆሴፍ ራይሊ ናቸው፤ አገሬው ጆ ራይሊ ነው የሚላቸው። በአሜሪካ ደቡብ ካሮላይና ያለችውን ቻርለስተንን ከ1975 መጨረሻ እስከ 2016 መጀመሪያ መርተዋል። ሲገቡ የ32 ዓመት ጠበቃ ነበሩ። ሲወጡ 72 ሞልቷቸዋል። አሥር ጊዜ ተወዳድረው አሥሩንም አሸንፈዋል። ከተማዋ ትልቅ አይደለችም። በ1980 ቆጠራ 70 ሺህ ገደማ ሰው ነበራት፤ በ2010 ደግሞ 120 ሺህ።

መልሴን ይዤ ነው የመጣሁት። ከሥራዎቻቸው ሁሉ የሚበልጠው የውሃውን ዳር ለሕዝብ ማስቀረታቸው ነው አልኩ። በአሮጌው ከተማ ጫፍ ያለው ቦታ ድሮ የበሰበሱ የመርከብ ማራገፊያዎችና ጠጠር የተደፋበት መኪና ማቆሚያ ነበር። ባለሀብቶች የቅንጦት አፓርታማ ሊሠሩበት ቋምጠው ነበር። ራይሊ ግን የከተማ ምርጡ መሬት የሁሉም ሰው መሆን አለበት የሚል እምነት ነበራቸው። ቦታው ፓርክ ሆኖ በ1990 ተከፈተ።

እናቴን ይዤ ሄጄ ነበር። ጉልበቷን ስለሚያማት ረጅም መንገድ አትወድም። ያን ቀን ግን ከአንዱ አግዳሚ ወንበር ወደ ሌላው እያረፍን ዳር እስከ ዳር ጨረስነው። የአናናስ ቅርጽ ባለው ፏፏቴ ውስጥ ሕፃናት ይንቦጫረቃሉ። ወደ ውሃው በሚገባው የእንጨት መድረክ ላይ ጥላ ሥር ትልልቅ ዥዋዥዌዎች ተሰቅለዋል። እናቴ አንዱ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን አስተካከለችና ዝም ብላ መርከቦቹን ማየት ጀመረች። ክፈሉ ያለን የለም። ምን ፈልጋችሁ ነው ያለንም የለም። ይህን ሁሉ ጽፌ ጥያቄውን ለቀቅኩት።

1ኛው ምላሽ ጨዋ ነበር። ጸሐፊው እዚያው ክፍለ ሀገር የሚኖር ወንድም ነው። ከፓርኩ በፊት ፌስቲቫሉ መጠቀስ እንዳለበት አስታወሰኝ። ጣሊያናዊው የሙዚቃ ደራሲ ጃን ካርሎ ሜኖቲ በስፖሌቶ ከተማ የጀመረውን የጥበብ ፌስቲቫል አሜሪካ ሲያመጣ ቻርለስተንን መረጠ። በ1977 ተጀመረ፤ እስካሁን በየዓመቱ ይካሄዳል። አዲሱ ከንቲባ ገና ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላቸውም ነበር። ወንድማችን እንደሚለው በዚያን ጊዜ መሃል ከተማው ሱቁ የተዘጋ፣ ሲመሽ ሰው የማያልፍበት ነበር። ትክክል ነው፤ ፌስቲቫሉን መዝለሌ ስህተት ነበር።

2ኛዋ ጠያቂ 40 ዓመት እንዴት ይቻላል፣ ገደብ የለውም ወይ አለች። 3ኛው በትዕግሥት አስረዳት። የሥራ ዘመኑ አራት ዓመት ነው፤ ስንት ጊዜ መወዳደር እንደሚቻል ገደብ የለም። ከንቲባውን ነዋሪው በቀጥታ ይመርጠዋል እንጂ እንደ አዲስ አበባ ምክር ቤቱ አይመርጠውም። ራይሊ አንድ ጊዜ፣ በ1994፣ የክፍለ ሀገሩ አገረ ገዥ ለመሆን ሞክረው በፓርቲያቸው ውስጥ ምርጫ ለጥቂት ተሸንፈዋል። 3ኛው እንደሚያምነው ያ ሽንፈት ለከተማዋ ጠቀማት። እኔም እስማማለሁ። ከትልልቆቹ ሥራዎች ገሚሱ የተሠራው ከዚያ በኋላ ነው።

4ኛው አርክቴክት ነው፤ አጻጻፉም ያስታውቃል። የፓርኩ ነገር ቆንጆ ነው፣ ነገር ግን ጦርነቱ የነበረው በሆቴሉ ላይ ነው አለ። ቻርለስተን ፕሌስ የሚባለው ትልቅ ሆቴል በመሃል ከተማ ባዶ መሬት ላይ እንዲሠራ ራይሊ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ገፉ። የቅርስ ተቆርቋሪዎች በቁመቱና በግዝፈቱ ተቆጥተው ፍርድ ቤት ድረስ ሄዱ። ዕቅዱ ተሻሽሎ፣ በመንገዱ በኩል ያለው ዝቅ ተደርጎ፣ በ1986 ተከፈተ። ከዚያ በኋላ የኪንግ ጎዳና ሱቆች አንድ በአንድ ነፍስ ዘሩ። አርክቴክቱ ሌላም ነገር ጨመረ። በዚያው ዓመት ራይሊ ለከንቲባዎች የከተማ ዲዛይን ማሠልጠኛ አስጀመሩ። ከንቲባ ወደደም ጠላ የከተማው ዋና አርክቴክት ነው የሚል ሐሳብ ነበራቸው፤ የትኛው ሕንፃ የት ይቁም የሚለው ውሳኔ ጠረጴዛው ላይ ይመጣልና። እስከ ዛሬ ከ1 ሺህ በላይ ከንቲባዎች በዚያ አልፈዋል። ይህን አላውቅም ነበር።

በ5ኛው ምላሽ ታረምኩ። የመጀመሪያው ጽሑፌ ላይ ፓርኩን የውቅያኖስ ዳር ብዬው ነበር። ኩፐር ወንዝ ወደ ወደቡ የሚገባበት ዳር ነው። አስተካክያለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ።

6ኛዋ በ1989 እዚያ ተማሪ የነበረች እህት ናት። ከክሩ ሁሉ ደጋግሜ ያነበብኩት የእሷን ነው። በመስከረም 21 ሌሊት ሁጎ የተባለው አውሎ ነፋስ ከተማዋን መታ። ውጡ ተብሎ ተለፍፎ እሷና ጓደኞቿ ወደ ውስጥ አገር ሸሽተው ነበር። ሲመለሱ ጀልባዎች የብስ ላይ ተከምረው፣ ጣሪያዎች ተገሽልጠው፣ የዕድሜ ባለፀጋ ዛፎች ተነቅለው አገኙ። መብራት የለም። ውሃ የለም። በዚያ ሁሉ መሃል የምታስታውሰው የከንቲባውን ድምፅ ነው። በባትሪ ሬዲዮ ይሰሟቸው ነበር። ምን እንደተሠራ፣ ምን እንዳልተሠራ፣ ነገ ምን እንደሚደረግ በአጭር ይናገሩ ነበር። እንደ እሷ አባባል ሰው የሚረጋጋው ተስፋ ሲሰጡት ሳይሆን ወሬውን በቀጥታ ሲነግሩት ነው። እየተሠራ የነበረውን ፓርክም ማዕበሉ ጎድቶት ነበር። ጠግነው በዓመቱ ከፈቱት።

7ኛው ስለ ፖሊስ አዛዡ ጠየቀ፣ 8ኛው መለሰ። ራይሊ በ1982 ሩበን ግሪንበርግን ሾሙ። የከተማዋ የመጀመሪያው ጥቁር የፖሊስ አዛዥ ናቸው፤ ሃይማኖታቸው ደግሞ ይሁዲ። እስከ 2005 ቆዩ። አንዳንዴ በሮለር ስኬት እየተንሸራተቱ ሰፈር ይቃኙ እንደነበር 8ኛው ጻፈ። እውነት ነው፤ በወቅቱ በመላው አሜሪካ ተወርቶላቸዋል።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሲያሞግስ ነበር። 9ኛው መጣና አየሩ ተቀየረ።

9ኛው ያለ ሰላምታ ነው የገባው። በ1980 ከከተማዋ ነዋሪ ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጥቁር ነበር። በ2010 ሩብ ያህል ቀረ። ስለ አናናስ ፏፏቴ ከማውራታችን በፊት እነዚያ ሰዎች የት እንደሄዱ ልንጠይቅ ይገባ ነበር አለ። የእኔንም ስም ጠርቶ፣ ፓርኩ ለሁሉም ነው ማለቴ ከቱሪስት ዓይን እንደሆነ ነገረኝ። ነደደኝ። ሦስት ጊዜ መልስ ጽፌ ሦስት ጊዜ አጠፋሁት።

10ኛዋ በቁጥሩ ላይ ገባች። ራይሊ የከተማዋን ወሰን ክፉኛ አስፍተዋል። ሲገቡ 17 ስኩዌር ማይል ያህል የነበረው ግዛት ሲወጡ ከ100 በላይ ሆኗል። ወደ ከተማዋ የተጠቃለሉት አካባቢዎች ብዙዎቹ ነጮች የሚኖሩባቸው ነበሩ። ስለዚህ መቶኛው የቀነሰው ሰው ስለተፈናቀለ ብቻ አይደለም፤ መለኪያው ራሱ ሰፍቷል። ጥሩ እርማት ነው። ቁጥር ስንጠራ እንዲህ የሚያስቆመን ሰው ያስፈልገናል።

11ኛው ግን አልለቀቃትም። ወሰኑን ተዉት፣ አሮጌው ከተማ ባለበት ባሕረ ገብ መሬት ላይ ያሉትን ጎዳናዎች ብቻ ውሰዱ አለ። ምግብ ቤት አብሮት ይሠራ የነበረ ሰው አያቱ የኖሩበት ሰፈር ኪራይ አልችል ብሎት ወደ ሰሜን ቻርለስተን ወጣ። ከዚያ በየቀኑ ተመላልሶ በተወለደበት ሰፈር ለእንግዶች ሳህን ያጥባል። 11ኛው ለዚህ የሚሆን ቃል ከአገር ቤት አመጣ፤ ልማት ተነሺ። ቡልዶዘር አልመጣበትም፤ ደብዳቤም አልደረሰውም። ኪራዩ ነው ያነሳው።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ለ9ኛው መልስ መስጠቱን ተውኩት።

12ኛው ለራይሊ የተከራከረው ግን ከሁሉም የተሻለውን ነገር ይዞ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከተማዋ ለዝቅተኛ ገቢ ነዋሪዎች ከ100 በላይ የመንግሥት ቤቶች ሠራች። በአንድ ቦታ አልከመረቻቸውም። እዚህ ሁለት፣ እዚያ አራት እያለች በአሮጌዎቹ ሰፈሮች መካከል ባሉ ክፍት ቦታዎች በተነቻቸው። መልካቸውም የቻርለስተንን ጥንታዊ ቤት እንዲመስል ተደረገ። ያ ቤት ጠባብ ጎኑን ለመንገድ ሰጥቶ፣ ረጅሙን በረንዳ በጎኑ ዘርግቶ ነፋስ የሚቀበል ነው። ጎረቤቶች መጀመሪያ ተቃወሙ፤ የቤታችን ዋጋ ይወድቃል ብለው። ከተሠሩ በኋላ ግን መንገደኛ የትኛው የመንግሥት፣ የትኛው የባለሀብት እንደሆነ መለየት አቃተው። ሽልማትም አገኙ። 12ኛው እንደሚለው ሰውየው ድሃ ቆንጆ ቤት አይገባውም የሚለውን አስተሳሰብ አልተቀበሉም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። እኔ ያደግኩት በቀበሌ ቤት ነው። ቤቱ ዳር ላይ ስለነበር ከመንገድ የሚያየው ሁሉ የማን እንደሆነ ያውቃል። ልጅ ሆኜ ጓደኞቼ እስከ በር እንዳይሸኙኝ ቀደም ብዬ እሰናበታቸው ነበር። ስለዚህ በረንዳ ያለው፣ ከጎረቤቱ የማይለይ የመንግሥት ቤት ለእኔ የሥነ ሕንፃ ወሬ ብቻ አይደለም። ግን 100 ቤት ስንት ቤተሰብ ይይዛል? 11ኛው ወዲያው ይህንኑ ጠየቀ። ልክ ነበር። ጥበቡ ትልቅ ነው፤ ብዛቱ ትንሽ።

13ኛዋ ነገሩን ከኛ የኮንዶሚኒየም ሳይቶች ጋር አነጻጸረች። አብዛኞቹ ከከተማ ዳር፣ ሁሉም አንድ ላይ ለምን ሆኑ አለች። ከ14 እስከ 18 ያሉት ከዚያ ተነስተው ወደ ኮሪደር ልማት ሄዱ። ክርክሩ ጦፈ፤ ሁለቱ ተሰዳደቡ። ጉዳዩ የራሱ ክር ይገባዋል። እዚህ ሳልተርከው የማልፈው ስለማይረባ ሳይሆን ስለሚከብድ ነው።

19ኛው ወደ ቻርለስተን መለሰን፤ ግን በቁጣ። በሰኔ 18 ቀን 2007 አንድ ትልቅ የሶፋ መሸጫ ተቃጠለ። ሕንፃው የእሳት ማጥፊያ የጣሪያ ውሃ መርጫ አልነበረውም። ዘጠኝ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ውስጥ ቀሩ። ከውጭ የመጡ መርማሪዎች የመሥሪያ ቤቱን ሥልጠና፣ መሣሪያና አመራር ክፉኛ ነቀፉ። ከንቲባው መጀመሪያ የእሳት አደጋ አዛዡን ደግፈው ቆሙ፤ አዛዡ በ2008 ሥራቸውን ለቀቁ። 19ኛው የሚለው ይህ ነው። በዚያ ጊዜ ራይሊ 30 ዓመት አልፏቸዋል። አዲስ ነኝ፣ አላወቅኩም ማለት አይችሉም። ረጅም ዘመን የገነባውን ሁሉ የራስህ ካደረገልህ፣ የበሰበሰውንም የራስህ ያደርግልሃል። ከባድ ነገር ነው። እኔ የምመልሰው አጣሁ። መሥሪያ ቤቱ ከዚያ በኋላ ብዙ ተለውጧል፤ የሞቱት ግን ዘጠኝ ናቸው።

20ኛው በስህተት ይህን ከቤተ ክርስቲያኑ ግድያ ጋር ቀላቀለው። ቁጥሩም ወሩም አንድ ስለሆነ አይፈረድበትም። 21ኛዋ ቀስ ብላ ለየችለት። የጥቁሮች በሆነው የአማኑኤል ቤተ ክርስቲያን ግድያው የተፈጸመው በሰኔ 17 ቀን 2015 ነው። ማታ ለመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት የተሰበሰቡ ሰዎች አንድ የማያውቁትን ወጣት ነጭ ተቀበሉት። አብሯቸው አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጠ። ከዚያ ዘጠኙን ገደለ። ከሟቾቹ አንዱ የቤተ ክርስቲያኑ መጋቢና የክፍለ ሀገሩ ሴናተር ክሌመንታ ፒንክኒ ነበሩ። ራይሊ የመጨረሻ ዓመታቸው ላይ ነበሩ።

22ኛዋ ታላቅ እህት ናት፤ ሁሉም እትዬ ነው የሚላት። ያን ሳምንት ከቤተ ክርስቲያን ጓደኞቿ ጋር መኪና ተከራይታ ሄዳ ደጁ ላይ አበባ አስቀምጣለች። ሰው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞልቶ ነበር። ጥቁርና ነጭ ተያይዞ ያለቅሳል። ከተማው ለምን እንዳልተቃጠለ እንደገባት ጻፈች። አንደኛ የሟቾቹ ቤተሰቦች ፍርድ ቤት ቆመው ይቅር በማለታቸው። ሁለተኛ ከንቲባው ለ40 ዓመት በጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን የታወቁ ሰው በመሆናቸው። በሐዘን ቀን የሚመጣና በሐዘን ቀን ብቻ የሚመጣ ሰው ይለያያል አለች።

23ኛው ይህን አጠናከረ። በሚያዝያ 2000 ራይሊ የኮንፌዴሬሽኑ ባንዲራ፣ ማለትም ባርነትን ላለመተው ከአሜሪካ ተገንጥለው የተዋጉት የደቡብ ክፍለ ሀገሮች ባንዲራ፣ ከክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት ጉልላት ይውረድ ብለው ከቻርለስተን እስከ ዋና ከተማዋ ኮሎምቢያ በእግር ሄዱ። 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አምስት ቀን ፈጀ። የ57 ዓመት ነጭ ደቡባዊ ከንቲባ ማለት ነው። በዚያው ዓመት ባንዲራው ከጉልላቱ ወርዶ ግቢው ውስጥ ቆመ። ከግቢው ጨርሶ የወጣው ግን ከግድያው በኋላ፣ በሐምሌ 2015 ነው። 9ኛው እዚህ ተመልሶ መጣና ይህን አልክድም አለ። ከሁለት ቀን በኋላ የመጀመሪያው ለስላሳ ቃሉ ነበር።

24ኛው ትልቁን ድልድይ ለራይሊ ሰጠ፤ 25ኛው ነጠቀው። በ2005 የተከፈተው የራቨኔል ድልድይ የክፍለ ሀገሩ ሥራ ነው። 26ኛዋ ደግሞ ስለ ጎርፉ አነሳች። ዝናብና የባሕር ሞገድ ሲገጣጠሙ ጎዳናዎቹ ይሞላሉ፤ አንዳንዴ ያለ ዝናብም ይሞላሉ። በራይሊ ዘመን ከመሬት በታች የውሃ ማስወገጃ ዋሻዎች ሥራ ተጀምሯል። 26ኛዋ ግን ዘግይቷል ባይ ናት። ረግረጉ እየተሞላ ቤት የተሠራባቸው ቦታዎች ዛሬ ዋጋ እየከፈሉ ነው። በዚህ ላይ ብዙ አላወራንም። ሊወራበት ይገባ ነበር።

27ኛው ስለ ሙዚየሙ ጻፈ፣ እኔም ቀድሜ ማንሳት የነበረብኝ ይህን ነው። ራይሊ በ2000 የአፍሪካ አሜሪካውያን ሙዚየም እንደሚያሠሩ ተናገሩ። የተከፈተው በሰኔ 2023 ነው፤ ሥልጣን ከለቀቁ ከሰባት ዓመት በኋላ። በጡረታቸው ገንዘብ ሲለምኑለት ነበር። የቆመው ጋድስደንስ ወርፍ በሚባለው የመርከብ ማራገፊያ ቦታ ላይ ነው። በባርነት ወደ ሰሜን አሜሪካ ከመጡት አፍሪካውያን ከአሥሩ አራቱ ያህል በቻርለስተን በኩል ገብተዋል ይባላል፤ ብዙዎቹም በዚያ ቦታ ነው የወረዱት። ስለዚህ ሕንፃው መሬቱን እንዳይነካ በምሰሶዎች ላይ ከፍ ብሎ ተሠራ። ሥሩ ባዶ ነው። ሰው እዚያ ይቆማል።

28ኛዋ ከመካከላቸው ሐበሻ ይኖር ይሆን ብላ ጠየቀች። 29ኛው እንደመለሰላት በዚያ የወረዱት በአብዛኛው ከሴኔጋምቢያ፣ ከሴራሊዮንና ከአንጎላ አካባቢ ነበሩ። ዘሮቻቸው የሆኑት ጉላዎች ዛሬም በአካባቢው ደሴቶች ላይ የራሳቸውን ቋንቋ ይናገራሉ።

ከዚያ በኋላ የመጀመሪያውን ጽሑፌን ከፍቼ አንድ ዓረፍተ ነገር ቀየርኩ። ከሥራዎቻቸው ሁሉ የሚበልጠው ፓርኩ ነው ብዬ ነበር። አሁን የሚለው ፓርኩና ሙዚየሙ ነው፤ ከሥሩም የ11ኛውን ሰው ታሪክ እንዲያነቡ ማመልከቻ ጨምሬያለሁ። 9ኛው በቂ አይደለም ብሏል። ሊሆን ይችላል።

30ኛው ምላሽ የእናቴን ጉልበት ያነበበች ልጅ ናት። እናቷን ልትወስድ ነውና ከየቱ ልጀምር አለችኝ። ጠዋት ሙዚየሙን፣ ከሰዓት ፓርኩን አልኳት። መካከላቸው አንድ ማይል ገደማ ነው። ለእናቶች ይርቃል፤ በመኪና ውሰጃቸው።